ጎርፉ ሲመጣ ቤት ውስጥ ማን አለ?

የእኛ ክረምትና የአሜሪካ የሀሪኬን ወቅት አብረው ይገባሉ። ሁለቱም ሰኔ ላይ ጀምረው ነሐሴ ላይ ይበረታሉ። ሂዩስተን ወይም ፍሎሪዳ ልጅ ያላቸው የጉለሌ እናቶች፣ ባሕር ላይ የሚሽከረከረውን ነጭ ደመና በቴሌቪዥን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ይደውላሉ፣ ይሳላሉ። እዚያ ያሉት ልጆች ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ መኪና ሲገፋ በስልካቸው ያዩና «እማዬ፣ ወንዙ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጭንቀቱ ከሁለቱም ወገን አንድ ነው። የተሰጣቸው ጊዜ ግን አንድ አይደለም።

ሀሪኬን ባሕር ላይ ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ በሳተላይት ታይቶ፣ የት እንደሚያርፍ ተገምቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማሰቢያ ይሰጣል። ጉለሌ ውስጥ ወንዝ ዳር ወይም ገደል ሥር ላለ ቤተሰብ ግን ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ይህ አባባል ለሜዳ ወንዝ የተነገረ ይመስለኛል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ለማሳሳቅ እንኳ ጊዜ የለውም።

ቀናት የተሰጣቸውም ቢሆኑ ሁሉም አልወጡም። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ሀሪኬን ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ የከተማው ሕዝብ የግድ እንዲወጣ የታዘዘው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው ነበር። ብዙ ሺህ ቤተሰብ መኪና አልነበረውም። ወሩ ሊያልቅ ስለነበር በየወሩ መጀመሪያ የሚሰጠውን ድጎማ የሚጠብቁ ድሆች ለነዳጅና ለማረፊያ የሚሆን ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። ውሻና ድመቱን ጥሎ መሄድ ያቃተው ሰውም ጥቂት አልነበረም። በኋላ የሟቾች ዕድሜ ሲጣራ፣ በሉዊዚያና ግዛት ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሆነው ተገኙ።

ወር ሳይሞላ ሪታ የሚባል ሌላ ማዕበል መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ከሂዩስተንና ከአካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ነዳጅ አለቀ፣ ሙቀቱ በረታ። ከአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሰዎችን ያሳፈረ አውቶቡስ በእሳት ተያይዞ 23 አረጋውያን ሞቱ። በዚያ ሽሽት ላይ ብቻ ወደ 100 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። እንግዲህ መቅረትም ይገድላል፤ ሳይዘጋጁ መውጣትም ይገድላል። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የተጎዱት አያቶች ናቸው። የጉለሌ ቤተሰብ ከሩቁ ታሪክ የሚወስደው ቁም ነገር ካለ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝናቡ ላይ፣ ጎርፉ ታች

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። የከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል አቃቂ አካባቢ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚጨርሰው በአጭር ርቀት ነው፤ መጀመሪያ የሚያልፈው ደግሞ በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔ፣ በሩፋኤልና በአዲሱ ገበያ ሰፈሮች መካከል ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግማሽ ገደማው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ሁለት ወራት መሬቱ ጠግቦ ስለሚከርም ተጨማሪ ዝናብ ሲመጣ የሚመጠው አፈር የለም። በዚያ ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ አለ፤ ሁሉም ውኃውን ተቀብሎ ወዲያው ወደ ታች ያወርደዋል።

በምኒልክ ዘመን ገብቶ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ነው። ከሥሩ ግን ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም ስለማይበቅል ጎርፉን የሚያዘገይ ነገር የለም። የጉለሌ እፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዛፎችን እየተካ ነው፤ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጥድና ወይራ በአንድ ክረምት አያድግም።

እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ለሕፃናት በደንብ መነገር ያለበት ይህ ነው። ድሬዳዋ ይህን በከባድ ዋጋ አይታለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ሲመጣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የቀጨኔ ልጅም ወንዙን የሚያውቀው በበጋ፣ ፌስታልና ጥራጊ ይዞ እየቀጠነ ሲሄድ ነው። «ይህን ነው የምትፈሩት?» ቢል አይፈረድበትም።

አዲስ አበባም ከዚህ አላመለጠችም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ምሽት በጣለ ዝናብ በከተማዋ በደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ

ስለ ጎርፍ የሚሰጡ ማሳሰቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአባወራ የተጻፉ ናቸው፤ «ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ከፍተኛ ቦታ ይውጡ» ይላሉ። አባወራው ግን ቤት የለም።

የክረምት ዝናብ አዲስ አበባ ላይ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። እስቲ ሐምሌ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየቤታችሁ ማን እንዳለ አስቡ። አባት ሥራ ነው፤ እናት ሥራ ወይም ገበያ ናት። ትልቁ ልጅ የክረምት ትምህርት ሄዷል ወይም ጓደኛው ጋ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ትንንሾቹ ቤት ናቸው፤ ጠባቂያቸው አያት ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጭቃ ላይ ያለ ከዘራ አትራመድም። ተሸካሚዎቹ በሙሉ ወጥተው ተሸካሚ የሚፈልጉት ብቻ ቤት የቀሩበት ሰዓት ነው። ነሐሴ ሲገባና ፍልሰታ ሲያዝ ደግሞ አያትም ቅዳሴ ላይ ትሆንና የአሥር ዓመቷ ልጅ የሁለት ዓመት ወንድሟን ይዛ ብቻዋን ትቀራለች።

ስለዚህ የቤተሰቡ ዕቅድ መሠራት ያለበት ሁሉም ተሰብስቦ ራት ለሚበላበት ሰዓት ሳይሆን ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ማን ማንን ይይዛል? ሕፃኑን የምታዝለው ማን ናት? ነጠላው ወይም ማዘያው የት ተሰቅሏል? አያትን ክንዳቸውን የሚይዘው የጎረቤት ወጣት የቱ ነው? በዚያ ሰዓት ቤቱ ይገኛል ወይ? ከእነዚህ ውስጥ አንዱ እንኳ መልስ ከሌለው፣ መልሱን ለመፈለግ ጊዜው አሁን ነው። ለአንድ ጎረቤት ብቻ አደራ ማለት አይበቃም፤ ሁለት ይሁኑ። አንዱ በቀን፣ አንዱ በሌሊት የሚገኝ ቢሆን ይመረጣል።

የቁልፍ ነገር ደግሞ አለ። ልጆች ወንዝ እንዳይወርዱ ወይም ሌባ እንዳይገባ በሩን ከውጭ ቆልፎ ሥራ የሚሄድ ወላጅ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጎርፍ በሚያሰጋው ቤት ከውጭ የተቆለፈ በር ከጎርፉ ያልተናነሰ አደጋ ነው። መቆለፉ ግድ ከሆነ ትርፍ ቁልፍ እዚያው ግቢ ወይም አጠገብ ለሚውል ሰው ይሰጥ። ሌሊት በጓንጉል የሚዘጋው የግቢ በር ቁልፍም በአንድ ሰው ኪስ ወይም ትራስ ሥር ማደር የለበትም። ልጅ በሚደርስበት ምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ ሁልጊዜም እዚያው ይሁን።

«እኔ የትም አልሄድም»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ውኃው ከደጅ ሲደርስ ልጆች ይሮጣሉ፤ አያት ወይም አባባ ግን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው «እኔ የትም አልሄድም፤ ልጆቹን አውጡ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግትርነት ይቆጥረዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። እያንዳንዱ «አልሄድም» ከበስተጀርባው የራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ልመናም ቁጣም አይፈታውም።

አንዱ ምክንያት ቤቱ ራሱ ነው። በቀበሌ ቤት 40 ዓመት የኖረ ሰው፣ ቤቱን ለቆ ቢወጣ ተመልሶ የማይገባበት ይመስለዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ እየተካሄደ ነው፤ በወንዝ ዳር የነበሩ ብዙ ነዋሪዎችም ተነስተዋል። ስለዚህ «ለጊዜው ውጡ» የሚለው ቃል በአንዳንድ አረጋውያን ጆሮ «ለዘላለም ውጡ» ሆኖ ይሰማል። የኪራይ ደብተሩ፣ ካርታው ወይም የውሉ ወረቀት በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ከተሰጣቸው ግን እግራቸው ይፈታል። ወረቀቱ ከእሳቸው ጋር ይሂድ፤ ልጅ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ።

ሌላው ዕቃ ነው። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች፣ ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ያልተተኮሰ ሸክላ ውኃ ሲነካው ወደ ጭቃ ይመለሳል፤ የሳምንታት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የሸማኔው ጉድጓድ ውኃ ሲገባበት ድሩ፣ ጥበቡ፣ ለመስቀልና ለአዲስ ዓመት የታዘዘው ሁሉ ይበላሻል። ክረምቱ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚሠራበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ዕቃ ይቅር» ማለት ቀላል አይደለም። የሚሻለው ሐምሌ ሳይገባ የተሠራውን ዕቃ ወደ ቆጥ ማውጣት ወይም ከወንዙ ርቆ ያለ ዘመድ ቤት ማሳደር ነው። ያኔ ለመውጣት ሲባል የሚጣለው ነገር ያንሳል።

በግ፣ ላም፣ ዶሮም አለ። ከተሜው ሊስቅ ይችላል፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ከቤታቸው ሲወጡ የከብቶቻቸው ነገር አሳሳቢ ጉዳይ ነበር። አሜሪካኖቹም ከካትሪና በኋላ የማስወጣት ዕቅድ ሲዘጋጅ የቤት እንስሳት አብረው እንዲታሰቡ በሕግ ደንግገዋል። በጎቱ ምሽት ላይ ከወንዙ በላይ ያለ ጎረቤት ግቢ ቢታሰር፣ አባባ በሌሊት ለበጉ ብለው ወደ ውኃው አይመለሱም።

የመጨረሻው ምክንያት የማይነገረው ነው፤ «ሸክም አልሆንም»። በተለይ የሽንት ችግር ያለባቸው ወይም መሽናት በሰው ፊት የሚያሳፍራቸው እናቶች፣ በሰው ቤት ወይም በአዳራሽ ከማደር ሞትን የሚመርጡ ይመስላሉ። ይህን ለወንድ ልጃቸው አይነግሩም። ሴት ልጅ ወይም ምራት በቀን፣ በቡና ላይ፣ ረጋ ብላ ትጠይቅ። የት እንደሚያርፉ፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ ማን አብሯቸው እንደሚያድር አስቀድሞ ከተነገራቸው፣ ከተቻለም ያንን ቤት አንድ ቀን ሄደው ካዩት፣ የሚሄዱት ወደሚያውቁት ቦታ ይሆናል። ሌሊት በጎርፍ ድምፅ መካከል «ኑ እንሂድ» ማለትና «እትዬ ቤት እንሂድ» ማለት አንድ አይደለም።

ጥሩምባው

ሀሪኬን የሚመታቸው አገሮች ሳይረንና ስልክ ላይ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ አላቸው። እኛም የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ አለን፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። ነገር ግን ትንበያው «በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ሲል የአንድን ጅረት ስም አይጠራም። የጅረቱን ስም የሚጠራ ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ከላይ በኩል የሚኖር ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ያለ ዘመድ ወንዙ ሲደፈርስ ቢያይ፣ ከታች ላለው ዘመድ ስልክ ቢደውል፣ ያች ጥቂት ደቂቃ አያትን ለማስነሳት ትበቃለች። ከላይና ከታች ያሉ ቤተሰቦች በዚህ ላይ ስልክ ተለዋውጠዋል ወይ? ዋጋው የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው።

ከዚህ የሚበልጥም በእጃችን አለ፤ እድር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የአባላቱ ስም ዝርዝር፣ በየቤቱ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ የሚያውቅ ዳኛና ጸሐፊ፣ በሌሊት የሚቀሰቅስ ጥሩምባ ነፊ። አንድ የአደጋ መከላከያ ቡድን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ማለት ነው። የምናወጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የወንዝ ዳር እድሮች ሰኔ ላይ በሚያደርጉት ስብሰባ ሁለት ነገር ቢወስኑ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ለጎርፍ የሚነፋው ጥሩምባ ከለቅሶው የሚለይበትን አነፋፍና፣ በዚያ ጊዜ ድንኳኑ የሚተከልበትን ከፍ ያለ ቦታ። ጥሩምባ ሰምቶ «ማን ሞተ?» ብሎ በር ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ደቂቃ ያባክናልና።

ማረፊያውም ቀድሞ ይታወቅ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቶች ባዶ ናቸው፤ ቁልፉ ግን ዘበኛው ጋ ነው፣ የዘበኛው ስልክ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። የወረዳው ኃላፊዎች ይህን በሐምሌ ሌሊት ከሚያፈላልጉ በሰኔ ቀን ቢጽፉት ይሻላል። የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነፃ የጥሪ ቁጥር 939 ነው፤ ሕፃናቱም ይያዙት። ሲደውሉ የሚናገሩት የቤት ቁጥር ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ይሁን፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የትኛው ድልድይ፣ ከወንዙ በየትኛው በኩል።

ከወንዙ ይልቅ ግንቡ

ጉለሌ ውስጥ አደጋው ውኃው ብቻ አይደለም። ብዙ ቤት ከላይኛው ጎረቤት ግንብ ሥር ነው የተሠራው። ተከታታይ ቀን ሲዘንብ ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ውኃው መውጫ ቀዳዳ ካጣ ግንቡን ይገፋዋል። ግንቡ ሆዱን ከነፋ፣ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ደርቆ የሚያውቅ ቦታ ውኃ ማዥት ከጀመረ፣ ያለ ምክንያት በር ወይም መስኮት አልገጥም ካለ፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ካዘነበለ፣ አያቶች ከግንቡ ጎን ባለው ክፍል እንዳይተኙ። ይህ ቤት ለቆ መውጣት እንኳ አይደለም፤ አልጋ ማዛወር ነው። ዝናቡ ካልተወ ግን ማደሪያም ይለወጥ።

መሬት ሲንሸራተት የሚደርሰውን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ አይተናል። መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰብስቦ እየቆፈረ ሳለ ሌላ ናዳ መጣ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ነበሩ። ጎረቤት ሲጮህ መሮጥ ባህላችን ነው፤ ማንም አትሩጥ አይልም። ነገር ግን አንድ ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ እያየ ይቁም፤ ሥራው ማየት ብቻ ይሁን። ልጆች ደግሞ ከዚያ ይራቁ።

ሲወጡ

ውኃው ከደረሰ የሚያዘው ነገር ትንሽ ነው። ወረቀቶች አስቀድመው በላስቲክ ተጠቅልለው በአንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጡ፤ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕፃናት የክትባት ካርድ፣ የቤቱ ሰነድ። የሁሉንም ፎቶ ስልክ ላይ አንስቶ ውጭ አገር ላለው ልጅ መላክ ጥሩ ነው፤ የሂዩስተኑ ልጅ በዚህ ይርዳ። የአያት መድኃኒት ለሳምንት የሚሆን እዚያው ቦርሳ ይግባ። ኢንሱሊን የሚወጉ ካሉ ፍሪጁ ላይ ምልክት ይለጠፍ፤ በጭንቀት ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ባትሪ፣ ወፍራም ጋቢ፣ ለሕፃን የሚሆን ምግብ። ከዚያ በላይ አይያዝ። ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ የወጣና አባቱን ያልተሸከመ ጎልማሳ በኋላ ምን ብሎ ይኖራል?

ቆጣሪው የሚጠፋው እግር ደረቅ መሬት ላይ ሳለ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ መነካት የለበትም።

አቅጣጫው ወደ ጎንና ወደ ላይ ነው። ወንዝ ተሻግሮ የሚደረስበት ዘመድ ቤት፣ ምንም ያህል ቢቀርብ፣ ለዚያ ሌሊት አይሆንም፤ ድልድዩም መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን በጥቂቱ የሚያልፍ ፈጣን ውኃ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ታክሲው «ያልፋል» ቢል ወርዳችሁ በእግር ወደ ኋላ ተመለሱ። የተከፈተ የቱቦ ጉድጓድ ደግሞ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ አይታይምና፣ መርገጥ ግድ ከሆነ ከፊት በዱላ እየነኩ ነው። የአያት ከዘራ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ውኃው ከጎደለ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የጎረፈው ውኃ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይዞ የመጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ በአተት ተጨንቃ እንደነበር የሚረሳ ወላጅ አይኖርም። የመጠጥ ውኃ ይፈላ ወይም በውኃ አጋር ይታከም፤ ጎርፍ የነካው እህልና ዱቄት ይጣል፤ ሕፃናት በጭቃው እንዳይጫወቱ። የረጠበ ቤት ለማድረቅ ወይም ለመሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ደግሞ ከጎርፉ የተረፈውን ቤተሰብ በእንቅልፉ ይገድላል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ስለዚህ አንድ ነገር ሞክሩ። ዝናብ በሌለበት በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ ወጣቶቹ ሳይረዱ፣ አያትና ልጆቹ ብቻ ከቤት ተነስተው እስከ ማረፊያው ይሂዱ። ሕፃኑ ይታዘል፤ የግቢው በር በልጅ እጅ ይከፈት፤ አያት በራሳቸው እርምጃ ይራመዱ፤ ዳገቱ ላይ ካረፉም ይረፉ። አንዱ ሰዓት ይያዝ። 20 ደቂቃ ከፈጀባቸው ቀረብ ያለ ቤት ይፈለግ፤ እዚያው ሰፈር፣ ከወንዙ በዚህኛው በኩል፣ ሁለት ሦስት ቤት ከፍ ብሎ ያለ ጎረቤት ይጠየቅ። ቡና ተፈልቶ ቢጠየቅ ደግሞ ማንም እምቢ አይልም።